ጥሩነሽ ወይስ መሠረት? ክርክሩን በምን እንፍታው

አማን ውስጥ የዕረፍት ቀን ያላቸው እህቶች አርብ ሲገናኙ፣ ወሬው ከደመወዝና ከመዳም አልፎ አንዳንዴ ሩጫ ላይ ይደርሳል። አንዷ በስልኳ የድሮ ውድድር ትከፍታለች፣ ሌላዋ ከትከሻዋ በላይ አንገቷን አስግጋ ታያለች፣ ከዚያ ያ የማያልቅ ጥያቄ ይነሣል፦ ጥሩነሽ ዲባባ ትበልጣለች ወይስ መሠረት ደፋር?

ጥያቄው ደስ ይላል። ችግሩ መልሱ ላይ ነው። ሁለት ሰው ስለ ሩጫ ይጀምርና ሦስተኛው ሰው ስለ ትውልድ ቦታና ስለ ብሔር ይጨርሰዋል። በስልክ ግሩፖች ላይማ ይብሳል፤ ቡና አብረው የጠጡ ሰዎች በዚህ ተኳርፈው ከግሩፑ የሚወጡበት ጊዜ አለ። ለዚህ ነው ዛሬ ነገሩን ቁጭ ብለን በቁጥር እናየዋለን የምንለው። ቁጥሩ ሁሉን ነገር አይፈታም። ግን የምንከራከረው ስለ ምን እንደሆነ ያሳየናል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ፣ ሁለቱ እነማን ናቸው?

ጥሩነሽ የተወለደችው በ1985 አርሲ፣ በቆጂ ነው። ደራርቱ ቱሉ የወጣችበት አገር ማለት ነው፤ ደራርቱ ዘመዷም ናት። ታላቅ እህቷ እጅጋየሁና ታናሽ እህቷ ገንዘቤም የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያላቸው ሯጮች ናቸው። ጥሩነሽ በ2003 ፓሪስ ላይ በ5 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን ገና የ18 ዓመት ልጅ ነበረች።

መሠረት በ1983 የተወለደች የአዲስ አበባ ልጅ ናት። በዚያው በ2003 ፓሪስ ላይ እሷም ነበረች፤ ግን ማጣሪያውን አላለፈችም። በዓመቱ አቴንስ ላይ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ሆነች። አንዴ በማጣሪያ የወደቀች ሰው በዓመቱ ዓለምን ማሸነፍ ትችላለች፤ ይህን ያዙልኝ።

ፊት ለፊት ሲገናኙስ?

ብዙ ሰው «እሷ እኮ ሁልጊዜ ታሸንፋት ነበር» ይላል። ይህን የሚሉት የሁለቱም ደጋፊዎች ናቸው! እስቲ እንቁጠረው። በኦሊምፒክና በዓለም ሻምፒዮና የ5 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ላይ ሁለቱ አብረው የሮጡት አራት ጊዜ ነው።

በ2004 አቴንስ፦ መሠረት በ14:45.65 ወርቅ፣ ጥሩነሽ በ14:51.83 ነሐስ።

በ2005 ሄልሲንኪ፦ ጥሩነሽ በ14:38.59 ወርቅ፣ መሠረት በ14:39.54 ብር። ነሐሱን እጅጋየሁ ወሰደች፣ አራተኛዋ መሰለች መልካሙ ነበረች። ከአንድ እስከ አራት ኢትዮጵያ!

በ2008 ቤጂንግ፦ ጥሩነሽ በ15:41.40 ወርቅ፣ መሠረት በ15:44.12 ሦስተኛ። በኋላ ግን ሁለተኛ የወጣችው፣ ለቱርክ የምትሮጠው ኤልቫን አቤይለገሴ በአበረታች መድኃኒት ምክንያት ውጤቷ ተሰረዘና የመሠረት ነሐስ ወደ ብር ከፍ አለ። የድሮ ጽሑፍ ላይ «ነሐስ» የሚል ካያችሁ ምክንያቱ ይህ ነው።

በ2012 ለንደን፦ መሠረት በ15:04.25 ወርቅ፣ የኬንያዋ ቪቪያን ቼሪዮት ብር፣ ጥሩነሽ በ15:05.15 ነሐስ።

ሲደመር ሁለት ለሁለት። ያውም ከአራቱ በሁለቱ፣ በሄልሲንኪና በለንደን፣ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ዐይን ጨፍኖ እስኪገለጥ ማለት ነው። ስለዚህ «ሁልጊዜ ታሸንፋት ነበር» የሚለው ለሁለቱም አይሠራም። በትልቁ መድረክ እኩል ናቸው።

ወርቅ ብንቆጥርስ?

እዚህ ላይ ነገሩ ይለወጣል። በኦሊምፒክ ጥሩነሽ ሦስት ወርቅና ሦስት ነሐስ አላት። መሠረት ሁለት ወርቅና አንድ ብር። በዓለም ሻምፒዮና ጥሩነሽ አምስት ወርቅ፣ መሠረት ሁለት። የሁለቱን መድረክ ወርቅ ስንደምር ጥሩነሽ ስምንት፣ መሠረት አራት፤ እጥፍ ነው።

«በቃ፣ አለቀ!» የምትሉ ትኖራላችሁ። ቆዩ። ጥሩነሽ ሁለት ርቀት ትሮጥ ነበር፤ 5 ሺህ እና 10 ሺህ። ከስምንቱ ወርቅ አምስቱ የ10 ሺህ ናቸው። መሠረት ደግሞ የ5 ሺህ ሰው ናት፤ በ10 ሺህ አልቀናትም። በ2009 በርሊን ላይ በመጨረሻው መቶ ሜትር ስትመራ ቆይታ ጉልበቷ ከዳት፤ አምስተኛ ሆነች።

በ5 ሺህ ብቻ እናወዳድራቸው። የኦሊምፒክና የዓለም ሻምፒዮና የ5 ሺህ ወርቅ፦ መሠረት አራት (2004፣ 2007፣ 2012፣ 2013)፣ ጥሩነሽ ሦስት (2003፣ 2005፣ 2008)። በዚህኛው መሠረት ትበልጣለች።

አሁንም ቆዩ። መሠረት እነዚያን አራት ወርቆች ያገኘችው ስምንት ፍጻሜ ሮጣ ነው፤ በስምንቱም ሜዳሊያ ወስዳለች፦ አራት ወርቅ፣ ሁለት ብር፣ ሁለት ነሐስ። ጥሩነሽ የሮጠችው አምስት ፍጻሜ ነው፦ ሦስት ወርቅ፣ ሁለት ነሐስ። መሠረት ከሁለት አንዱን አሸንፋለች፤ ጥሩነሽ ከአምስት ሦስቱን። በብዛት መሠረት፣ በመጠን ጥሩነሽ።

እንግዲህ አያችሁ፤ ቁጥሩ ያው ነው፣ ጥያቄው ሲቀየር አሸናፊዋ ተቀየረች።

የስሪላንካ ጓደኞቻችንም ይህ ክርክር አላቸው

ይህ የእኛ ብቻ አመል አይደለም። አማን ውስጥ ከስሪላንካ ወይም ከባንግላዴሽ ሴቶች ጋር የሠራችሁ ክሪኬት ሲያዩ አይታችኋቸው ይሆናል። ረጅሙ የክሪኬት ዓይነት፣ «ቴስት» የሚሉት፣ እስከ አምስት ቀን የሚቆይ ጨዋታ ነው። ኳስ የሚወረውረው ሰው ሥራው ዱላ የያዘውን መቺ ከጨዋታ ማስወጣት ነው። በፍጥነት ከሚወረውሩት ማን ይበልጣል በሚለው ላይ እነሱም ዘመናቸውን ሲከራከሩ ይኖራሉ።

የእንግሊዙ ጄምስ አንደርሰን በ188 የቴስት ጨዋታ 704 መቺ አስወጥቷል፤ ከፈጣን ወርዋሪዎች ይህን ያህል ያስወጣ የለም። የዌስት ኢንዲሱ ማልኮም ማርሻል በ81 ጨዋታ 376 አስወጥቷል። በብዛት አንደርሰን በጣም ይበልጣል። ግን ማርሻል አንድ መቺ እስኪያስወጣ ድረስ በአማካይ 21 ነጥብ ያህል ብቻ ነው የሚያስቆጥርበት፤ አንደርሰን ግን ከ26 በላይ። በየጨዋታው ያስወጣውንም ስናሰላ ማርሻል ይበልጣል። አንዱ ሃያ ዓመት በላይ ጸንቶ ቆሞ ሰበሰበ፤ ሌላው ባጭር ጊዜ አቃጠላቸው። የትኛው ነው ታላቅ? ጽናትን የሚያከብር አንደርሰን ይላል፣ ስለትን የሚያከብር ማርሻል ይላል። መሠረትና ጥሩነሽ በ5 ሺህ ላይ ያላቸው ነገር ልክ እንደዚህ ነው።

ሰዓትስ አይፈርድም?

«ሰዓት አይዋሽም» ይባላል። አይዋሽም፣ ግን ሁሉንም አይናገርም።

በመጀመሪያ ክብረ ወሰኑን እንየው። በ2006 ኒው ዮርክ ላይ መሠረት የ5 ሺህ ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን 14:24.53 አደረገችው። በ2007 ኦስሎ ላይ ራሷ ወደ 14:16.63 አወረደችው። በ2008 እዚያው ኦስሎ ላይ ጥሩነሽ መጥታ 14:11.15 አደረገችው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለቱ ተጋፍተው ክብረ ወሰኑን ከ13 ሰከንድ በላይ ቆረጡት። የጥሩነሽ ሰዓት 12 ዓመት ቆየ፤ በ2020 ለተሰንበት ግደይ በ14:06.62 ሰበረችው። በ2023 ጉዳፍ ፀጋይ 14:00.21 ሮጠች፤ በ2025 የኬንያዋ ቢያትሪስ ቼቤት ከ14 ደቂቃ በታች ገባች፣ 13:58.06።

ታዲያ ቼቤትና ጉዳፍ ከጥሩነሽና ከመሠረት ይበልጣሉ ማለት ነው? በሰዓት አዎ። ግን ከ2020 ወዲህ ያለው ሩጫ ሌላ ሩጫ ነው። ጫማው ተለውጧል፤ ወፍራም ስፖንጅና ውስጡ ጠንካራ ዝርግ ነገር ያለው፣ እግርን መልሶ የሚያነሣ ጫማ መጥቷል። በትልልቅ የሰዓት ውድድሮች ደግሞ በመሮጫው ዳር መብራት ይበራል፤ ሯጯ መብራቱን ተከትላ ፍጥነቷን ታስተካክላለች። በጥሩነሽ ጊዜ አሯሯጭ ነበር እንጂ መብራት አልነበረም። የተለያየ ዘመን ሰዓት ማወዳደር የድንጋይ ወፍጮን ከኤሌክትሪክ ወፍጮ ጋር ማወዳደር ነው፤ ዱቄቱ ብቻ ታይቶ የፈጨችው ሴት አይፈረድባትም።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ይገርማል። ጥሩነሽ በቤጂንግ የ5 ሺህ ወርቅ ያገኘችበት 15:41.40 ከራሷ ክብረ ወሰን በአንድ ደቂቃ ተኩል ይዘገያል። ሁሉም እየተጠባበቁ ቀስ ብለው ሮጡ፣ መጨረሻው ላይ እሷ ተፈተለከች። በ2016 ሪዮ ላይ ደግሞ፣ በ2015 ልጅ ወልዳ በተመለሰች በዓመቱ፣ በ10 ሺህ 29:42.56 ገባች። በሕይወቷ እንዲህ ፈጥና ሮጣ አታውቅም። ያገኘችው ግን ነሐስ ነው፤ አልማዝ አያና በዚያ ውድድር 29:17.45 በሆነ የዓለም ክብረ ወሰን ሁሉንም ጥላ ሄዳለች። ያዘገመችበት ወርቅ ሆነ፣ ከሁሉ የፈጠነችበት ነሐስ። ሜዳሊያው ከአንቺ ሩጫ በተጨማሪ ያን ቀን አጠገብሽ በቆመው ሰው ይወሰናል።

ማንም የማያነሣቸው ሁለት መድረኮች

ክርክሩ ኦሊምፒክ ላይ ብቻ ስለሚቆም የሚረሱ ነገሮች አሉ።

አንደኛው የቤት ውስጥ ውድድር ነው። መሠረት በ3 ሺህ ሜትር በ2004፣ በ2006፣ በ2008 እና በ2010 የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮን ሆናለች። በተከታታይ አራት ጊዜ! ውድድሩ በሁለት ዓመት አንዴ ስለሆነ ይህ ማለት ከስድስት ዓመት በላይ በዚያ መድረክ ያሸነፋት አልነበረም ማለት ነው። በ2007 ደግሞ የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር የዓመቱ ምርጥ ሴት አትሌት ብሎ መርጧታል።

ሁለተኛው አገር አቋራጭ ነው። እዚህ ጥሩነሽ ንግሥት ናት። በ2005፣ በ2006 እና በ2008 በረጅሙ ርቀት የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች፤ በ2005 አጭሩንም ረጅሙንም አንድ ላይ ወስዳለች። በኋላም ማራቶን ገብታ በ2017 ቺካጎን አሸንፋለች።

እና ማን ትበልጣለች?

እናንተ ጠይቃችሁ እኛ ሸሸን እንዳይባል ፍርዳችንን እንስጥ።

ከነሙሉ ሥራቸው ሲታይ ጥሩነሽ ትበልጣለች። ምክንያቱ የወርቁ ብዛት ብቻ አይደለም። ከ2003 እስከ 2017 በኦሊምፒክና በዓለም ሻምፒዮና በመሮጫ ሜዳ ላይ 12 ፍጻሜ ሮጣ በ12ቱም ሜዳሊያ ይዛ ተመልሳለች፦ ስምንት ወርቅ፣ አንድ ብር፣ ሦስት ነሐስ። አንድም ጊዜ ባዶ እጇን አልገባችም። በአንድ ኦሊምፒክ የ5 ሺህና የ10 ሺህ ወርቅ በአንድነት የወሰደች የመጀመሪያዋ ሴትም እሷ ናት፤ ቤጂንግ ላይ፣ በሳምንት ልዩነት።

በ5 ሺህ ሜትር ብቻ ከሆነ ግን ፍርዳችን ለመሠረት ነው፣ ለጥቂት። ምክንያቱ አቴንስና ለንደን ናቸው። በሁለቱ ወርቆች መካከል ስምንት ዓመት አለ። በመካከሉ ተሸንፋለች፣ ነሐስ ላይ ወርዳለች፣ «አልቆላታል» ተብላለች። ለንደን ላይ፣ ፍልሰታ በገባ በአራተኛው ቀን፣ የ10 ሺህ ሻምፒዮኗ ጥሩነሽና የዓለም ሻምፒዮኗ ቼሪዮት ባሉበት መጨረሻዋ ላይ ቀድማ ገባች፤ ከደረቷ የእመቤታችንን ሥዕል አውጥታ ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ስምንት ዓመት ጠብቆ የተመለሰ ወርቅ ከሌላው ወርቅ ይከብዳል ብለን እናምናለን። እናንተ «አይ፣ ከአምስት ሦስት ያሸነፈች ትበልጣለች» ካላችሁም ስሕተት አይደለም። መለኪያችሁን እስከተናገራችሁ ድረስ።

ሌላ መለኪያም አለ፤ በሩን ማን ከፈተው የሚለው። በዚያ ከሁለቱም በፊት ደራርቱ ትመጣለች። በ1992 ባርሴሎና ላይ 10 ሺህን በ31:06.02 ስታሸንፍ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ዛሬ በዚያ ሰዓት ሜዳሊያ አይገኝም። ግን በቆጂ ውስጥ ያሉ ሴት ልጆች ሩጫ የእኛም ነው ያሉት በእሷ ነው።

ስትከራከሩ እነዚህን አስቀድሙ

አንደኛ፣ ስለ የትኛው ርቀት ነው የምናወራው? ሁለተኛ፣ ብዛት ነው ወይስ ከሮጠችው ስንቱን አሸነፈች? ሦስተኛ፣ ፊት ለፊት ሲገናኙ ምን ሆነ? አራተኛ፣ ዘመኑና ጫማው አንድ ነው? አምስተኛ፣ አጠገቧ የነበሩት እነማን ናቸው? እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ተስማምታችሁ ከጀመራችሁ ክርክሩ ይጣፍጣል። መልስ ያጣ ሰው ነው ወደ ዘር የሚሄደው። እነሱ ራሳቸው በአንድ ባንዲራ ነው የሮጡት፤ ሄልሲንኪ ላይ ተከታትለው ሲገቡ ለማን እንደጮኽን የምናስታውስ እናስታውሳለን።

ለእኛስ ምን ይጠቅመናል?

እኛም ስንወዳደር ነው የምንኖረው። «የእገሌ ልጅ ዐረብ አገር ሄዳ ቤት ሠራች፣ አንቺስ?» የሚል ስልክ ያልደረሳት ጥቂት ናት። ይህ ጥያቄ ወርቁን ብቻ ቆጥሮ ውድድሩን ያልቆጠረ ጥያቄ ነው። አንዷ በመጣች በወሩ ደመወዟ በሰዓቱ ይከፈላታል። ሌላዋ ስድስት ወር ሳይከፈላት ትሠራለች። አንዷ የመጣችበት የደላላ ዕዳ አለባት፣ ሌላዋ የለባትም። ከስንት የተከፈለ ወር ስንት ላከች ብሎ የሚጠይቅ ቤተሰብ ብርቅ ነው።

ስለዚህ ቁጥርሽን ራስሽ ያዢ። የጀመርሽበትን ቀን፣ የተከፈለሽን ወርና ያልተከፈለሽን ወር በደብተር ወይም በስልክሽ ጻፊ። ገንዘብ ስትልኪ ደረሰኙን ፎቶ አንሥተሽ አስቀምጪ፤ ስልክሽ ቢጠፋ እንዳይጠፋ ለምታምኛት ጓደኛ ላኪላት። ይህ ለቤተሰብሽ መልስ ይሆንሻል፤ ያልተከፈለሽ ደመወዝ ለመጠየቅ ብትነሺ ደግሞ ማስረጃ ይሆንሻል። የዕረፍት ቀንም ጻፊ፦ ከ2009 ጀምሮ ያለው የዮርዳኖስ የቤት ሠራተኞች ደንብ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ይሰጥሻል። ብዙዎቻችን አናገኘውም፤ መብት መሆኑን ማወቅ ግን መጠየቂያው መጀመሪያ ነው።

ቀጥታ ማየት ለምትፈልጉ ደግሞ አንድ ነገር፦ ዮርዳኖስ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ሰዓቷን በክረምትና በበጋ አትቀይርም፤ ከኢትዮጵያ ጋር አንድ ሰዓት ናት። አዲስ አበባ «ከምሽቱ ሦስት ሰዓት» ከተባለ አማንም ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። እናትሽ በምታይበት ደቂቃ አንቺም ታያለሽ።